ባዶውን የመጣው ታንኳ

«ወንድሟ ሞቶ አንድ ቃል አላወጣችም» አለች ከኋላዬ የተቀመጠችው ሴት። «ሁለት ቀን ሙሉ አፏን ዘግታ ተቀመጠች።»

«ምን ትበል? አፍራ ነው እንጂ» አለች ጓደኛዋ። «ባለፈው በሰው ለቅሶ ላይ ዘፈን ዘፍና አልነበር? ያችን የሽታውን ዘፈን፣ የታንኳውን። እዚያው ነበርኩ እኮ። ልጃገረዶቹ ሳቃቸው እያመለጣቸው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ።»

«እርጅና ይሆናል መቼም።»

«ምን እርጅና ነው! ሰው ልጁን ቀብሮ አፈሩ ሳይደርቅ፣ ሠርግ ላይ የሚጨፈርበትን ዘፈን? ድፍረት ነው እንጂ።»

እኔ ከባጃጁ ሹፌር ጎን በአንድ ጎኔ ተንጠልጥያለሁ። ማስክ አድርጌአለሁ፣ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቤ ጎትቻለሁ። ከሐይቅ ከተማ መናኸሪያ ወደ ውኃው ዳር የሚወርደው መንገድ ኮረኮንች ስለሆነ ባጃጁ ሲዘል ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ፣ ሲረጋጋ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። የሚያሟት ሴት አክስቴ ለተብርሃን ናት። ሞተ የተባለው ወንድሟ አባቴ ነው። ሽታው ደግሞ እኔው ነኝ። ዞር ብዬ «ዘፈኗ የሷ ናት፣ የሰረቅኋት እኔ ነኝ» ማለት ስድስት ቃል ነው። ሰው መድረክ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲለፈልፍ አድሮ ስድስት ቃል ያጣል? አጣሁ። ያልኩት «ወራጅ አለ» ብቻ ነው።

ሃያ ብሩን ስዘረጋለት ሹፌሩ ዓይኔን ብቻ አይቶ አወቀኝ። «አርቲስት ሽታው! ካንተማ አልቀበልም ወላሂ። አላህ ሰብሩን ይስጥህ፣ ጋሽ ወንዱ እኮ የኔንም የትምህርት ቤት ሱሪ የሰፋ ሰው ነው» አለና ብሩን ወደ ኪሴ መልሶ ከተተው። ከኋላ ወሬው ቀጥ አለ። ዞሬ አላየኋቸውም፤ እነሱም አልወረዱም። ይህች አርቲስት የምትባል ቃል ድሮ ደስ ትለኝ ነበር። አሁን የሳሙና ማስታወቂያ ላይ ፈገግ ያለውም አርቲስት ነው፣ በስልኩ ፊት ወገቡን የሚያወዛውዘውም አርቲስት ነው፣ እኔም ነኝ። ማን እንደሚሾመን አላውቅም። አንድ ቀን ፖስተር ላይ ከስምህ በፊት ይጽፉልሃል፣ ከዚያ በኋላ ያለ እሷ ሲጠሩህ የተሰደብክ ይመስልሃል።

አባቴ የሐይቅ ገበያ ልብስ ሰፊ ነበር። ዓርብ ማታ ነው ያረፈው። ዓርብ ማታ እኔ ሐዋሳ ሠርግ ላይ ነበርኩ፤ ስልኬ ተዘግቶ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ። ሠርገኛው የታንኳውን ዘፈን ሦስት ጊዜ አስደገመኝ፤ «ይደገም! ይደገም!» ሲሉ ሙሽሪት ራሷ ጫማዋን አውልቃ መጣች። ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ ነቅቼ ስልኬን ብከፍት ሃያ ሦስት ጊዜ ተደውሏል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቀውኝ ቀበሩት። እሑድ በአውሮፕላን ኮምቦልቻ ደረስኩ፣ ከዚያ ደሴ። ደሴ ላይ መሽቶብኝ አደርኩ ብዬ ለዘመድ ሁሉ ደውያለሁ። አልመሸም ነበር። ከደሴ ሐይቅ ስንት ነው? ፈርቼ ነው ያደርኩት። እንግዲህ ዛሬ ሰኞ፣ ሠልስቱ ነው።

በእኛ አገር የቅርብ ዘመድ ዘግይቶ ሲደርስ ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሣል። የመጣው ሰው ከበር ላይ ሆኖ የሟቹን ስም ይጠራል፣ ሴቶቹ ብድግ ይላሉ፣ አልቃሿ በመጣው ሰው ስም ግጥም ታወጣለች፤ ያን ጊዜ ተቀምጦ የነበረው ሁሉ ያለቅሳል፣ ለመጣውም ሰው እንባው ይመጣለታል። ያለ ግጥም እንዴት እንደሚለቀስ እኛ አናውቅበትም። አክስቴ ደግሞ ከሐይቅ እስከ ውጫሌ መኪና እየተላከ የምትወሰድ አልቃሽ ናት። እኔን ያሳደገችኝም እሷ ናት፤ እናቴ ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ከልጇ ከውበቱ ጋር አንድ መደብ ላይ አስተኛችን። አባቴ «እታለም» ይላት ስለነበር እኔም እታለም እላታለሁ።

የቅሬው፣ የሰፈራችን ዕድር፣ ድንኳን ከበራችን ፊት ተተክሏል፤ ሰማያዊ ሸራ፣ ሁለት ረድፍ አግዳሚ፣ መሬቱ ላይ ሰሌን። ኮፍያዬን አውልቄ ከበሩ ላይ «አባቴ! ወንዱ አባቴ!» አልኩ። ሴቶቹ ብድግ አሉ። ወንዶቹም ቆሙ። ከዚያ ሁሉም ወደ አክስቴ ዞሩና ጠበቁ። እኔም ጠበቅኩ። እስከዚያ ድረስ የመጣሁት ያችን የመጀመሪያዋን ስንኝ ፍለጋ መሆኑን አውቀዋለሁ፤ እሷ ስትልልኝ እንዳለቅስ፣ ሳለቅስ ደግሞ ትንሽ እንዲቀለኝ። አክስቴ በዝግታ መጥታ አንገቴን ያዘችና ጉንጬን ሳመችኝ። «መጣህ?» አለችኝ። ሌላ የለም። የጎረቤታችን የሀውራ ድምፅ ከኋላ «በይ እንጂ ለተብርሃን፣ ልጁ መጣ እኮ» ሲል ተሰማ። አክስቴ ራሷን ነቀነቀች። የቆመው ሰው አንድ በአንድ ተመልሶ ተቀመጠ፤ አንዱ ሳል ሳለ፣ አንዱ አግዳሚውን አስጮኸው። እንባ ዓይኔ ድረስ መጥቶ እዚያው ቀረ።

ከድንኳኑ አውጥታ ወደ አባቴ ክፍል አስገባችኝ። ክፍሏ ያው ናት። የስፌት መኪናው በመስኮቱ በኩል፣ ላዩ ላይ ያላለቀ የልጅ እጀ ጠባብ፣ አንድ እጅጌው ብቻ የተገጠመ። መርፌው ክር እንደያዘ ነው። ግድግዳው ላይ የውበቱ ፎቶግራፍ አለ፣ ዓሣ በሁለት እጁ ይዞ የሳቀበት፤ ከጎኑ ደግሞ የኔ ፖስተር፣ «አርቲስት ሽታው ወንዱ» የሚለው። አባቴ ነው የሰቀለው። ባለፈው ፋሲካ መጥቼ ሳየው ኮርቶብኝ መስሎኝ ነበር። ዛሬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሳየው ሌላ ነገር ገባኝ። በዚያ ሁሉ ባዶ ግድግዳ ላይ ሁለታችንን ትከሻ ለትከሻ ያደረገን በከንቱ አልነበረም። ዘፈኑ ከወጣ ወዲህ አባቴ ስለ ሥራዬ ጠይቆኝ አያውቅም። ስደውልለት «ጤናህስ?» ይላል፣ «ደህና ነኝ» እላለሁ፣ ከዚያ ስለ ዝናቡ እናወራለን። ሦስት ዓመት ስለ ዝናብ አወራን።

«በላህ?» አለችኝ አክስቴ።

«በልቻለሁ እታለም።»

«ደሴ ማደሪያው ተወደደ ይላሉ።»

«ተወዷል።»

«እዚህም ዓሣው ተወደደ። ድሮ ለጎረቤት የሚሰጥ ነገር ነበር፣ አሁን ሆቴሎቹ ገና ከውኃ ሳይወጣ ይወስዱታል።» እጀ ጠባቡን አንሥታ እጅጌውን ዘረጋችና መልሳ አስቀመጠችው። «ይኼ የሰው ነው፣ ማን ይጨርስለት ይሆን?»

ከሁለታችን መሀል ያለውን ነገር ሁለታችንም እናውቀዋለን። ውበቱ የሞተ ዕለት፣ ገና ሊነጋጋ ሲል መረብ ሊያነሣ ወጥቶ ነበር። ታንኳው ብቻውን እየተንሳፈፈ ደንገሉ ውስጥ ገብቶ ተገኘ፤ እሱን በሦስተኛው ቀን አገኙት። በአርባው ዕለት አክስቴ እዚህ ግቢ ውስጥ ቆማ እንዲህ አለች፦

መረቡን ሊያነሣ ጎሕ ሲቀድ የወጣ፣
ታንኳው ብቻውን ነው ባዶውን የመጣ።

ሌላም ብዙ አለች። በአምባሰል ዜማ ነበር፣ ግን እንደ ዘፋኝ አይደለም፣ እንደምታወራ ሰው ነው። እኔ ስልኬን አውጥቼ ቀዳሁ። አየችኝ። «ቅዳው ልጄ» አለችኝ፣ «እኔም እረሳዋለሁ፣ ስረሳው ታሰማኛለህ።» በዚያን ጊዜ ደሴ ውስጥ የሰው ዘፈን በየሠርጉ እየዘፈንኩ ነበር የምኖረው። ከጥቂት ወራት በኋላ አቀናባሪው ስቱዲዮ ውስጥ «የራስህ ሥራ ከሌለህ አርቲስት አትባልም፣ ኮፒ ነህ» አለኝ። ስልኬን አውጥቼ አሰማሁት። ወደደው። «ሐዘኑ ግን ከበደ፣ ሰው አይጨፍርበትም፤ ሴት አስገባበት» አለ። ሁለተኛዋን ስንኝ ቀየርኳት፦

መረቡን ሊያነሣ ጎሕ ሲቀድ የወጣ፣
ታንኳው አንቺን ይዞ ወደ እኔ መጣ።

አቀናባሪው አንድ ሻይ ጠጥቶ እስኪጨርስ ነው የፈጀብኝ። ከቪዲዮው ሥር «ግጥምና ዜማ፦ አርቲስት ሽታው ወንዱ» ተባለ። እውነት ለመናገር ሲጻፍ አጠገባቸው ነበርኩ፣ ፊደሉን እንኳ አርሜያለሁ። ለአክስቴ አልነገርኳትም። ትሰማዋለች ብዬ አላሰብኩም ነበር ማለትም አልችልም፤ አሰብኩ፣ ከዚያ ማሰቡን ተውኩ።

«ዘፈኑን ሰምተሽው ታውቂያለሽ?» አልኳት በመጨረሻ፣ ዓይኔን ከእጀ ጠባቡ ላይ ሳላነሣ።

«እንዴት አልሰማ፣ በየባጃጁ አይደል እንዴ?» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ፈለግኩ፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። «መጀመሪያ ወፍጮ ቤት ነው የሰማሁት። እህሌን አስቀምጬ እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት። ያንተኛው ታንኳ ሰው ይዞ ነው የሚመጣው አይደል? እዚያች ስንኝ ጋ ሲደርስ ደስ ይለኛል። አንድ አፍታ ውበቱን ይዞ የመጣ ይመስለኛል። ከዚያ ያልፋል።»

ይኼን ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

ከጓሮ ሀውራ ትልቁን ድስት እያማሰለች አገኘኋት። ንፍሮው የሷ ሥራ ነው፤ እሷና አክስቴ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ፣ የአንዳቸው ቤት ሐዘን ሲሆን ሌላኛዋ ድስት ትጥዳለች። እሷ እንደ አክስቴ አይደለችም፣ ያሰበችውን አትውጥም። «ንገሪኝ ካልከኝ እነግርሃለሁ» አለችኝ ጭሱን በእጇ እየገፋች። «የመስፍኔ ልጅ በመኪና አደጋ የሞተ ጊዜ ነው። እናቲቱ ለተብርሃን እግር ላይ ወድቃ ለውበቱ ያልሺውን ለኔም ልጅ በዪልኝ አለቻት። እሺ ብላ ጀመረች። ሁለት ስንኝ ሳትል ልጃገረዶቹ ፈገግ ፈገግ አሉ። አንዷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ያንተን ትል ጀመር። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ተነሥተው በለቅሶ ላይ ዘፈን ምንድን ነው፣ ነውር አይደለም ወይ አሏት። መሀል ላይ አቋረጠች። ከዚያ ወዲህ የትም ቤት ለቅሶ አልከፈተችም። አብሽሪ ብላት፣ ሌላ ግጥም አለሽ ብላት፣ አይ ሀውራ፣ አሁን የምለው ሁሉ የልጁን ዘፈን ይመስላል አለችኝ። የራሷን እኮ ነው! ያረቢ።» ማማሰያውን ድስቱ ጠርዝ ላይ መታችው። «እኔ አንተን አልጠላህም። ግን ወንዱ ጨዋ ሰው ነበር፣ ያለ አንድ ስንኝ መቅረት አልነበረበትም።»

ዓይኔ በጭሱ ነው ያነባው።

ጋሽ አስረስ፣ የቅሬው ዳኛ፣ እዚያው ጓሮ ድረስ ፈልገውኝ መጡ። ስምንት ሰዓት ላይ የአባቴ የትውልድ አገር ሰዎች፣ አምባሰሎቹ፣ ከውጫሌ በሁለት ሚኒባስ ይደርሳሉ። የራሳቸውን አልቃሽ ይዘው ነው የሚመጡት። እነሱ ግጥም ሲያወርዱ ቤቱ በግጥም መመለስ አለበት፤ ካልመለሰ ሟቹ ሰው አልነበረውም ማለት ነው፣ እነሱም ንፍሮውን ሳይቀምሱ ይሄዳሉ። «እህቱ እንደምታያት ናት» አሉኝ። «አንተ ግን አለህ። አርቲስት አይደለህ? ስድስት ስምንት ስንኝ ብትል ይበቃል። ለአባትህ ነው፣ አይከብድህም።»

«እሺ» አልኩ። የሚገርመው እሺ ማለቴ ነው።

ወደ ሐይቁ ወረድኩ። ውኃው ጸጥ ብሏል፣ ሁለት ሰዎች መረብ ይጠግናሉ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አባቴን ማሰብ ጀመርኩ። የልብስ ሰፊነቱን፣ ኖራ ጠመኔውን ከጆሮው ላይ የሚሰካውን ነገር፣ ሰው ሲለካ ትንፋሹን የሚይዘውን። ሁሉም አለ፣ ስንኝ ግን የለም። «አባቴ መከታዬ» አልኩ፤ ይኼ የሺህ ሰው ነው። «ናፍቆትህ ገደለኝ» አልኩ፤ ይኼ የሠርግ ነው። የሚመጣልኝ ሁሉ ከሥሩ ከበሮ ይሰማል። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሆንኩና እያፈርኩም ቢሆን ደሴ ላለው ለባድሩ ደወልኩለት። ባድሩ ግጥም እየጻፈ የሚሸጥልኝ ልጅ ነው። «ለክሊፕ ነው ለመድረክ?» አለኝ። አባቴ ሞቶ ነው አልኩት። «ኢና ሊላሂ! ይቅርታ ወንድሜ። እና… ለነገ ቢደርስ ይሻላል?» ዘጋሁበት። ከዚያ ያን የድሮውን ቅጂ ከፈትኩ። የአክስቴ ድምፅ መጣ፣ ከጀርባዋ ዶሮ ይጮሃል፣ መሀል ላይ የአባቴ ሳል አለ። አራት ዓመት ሙሉ ስሰማው ያንን ሳል ልብ ብዬው አላውቅም። መረብ ጠጋኞቹ ቀና ብለው አዩኝ፤ አንደኛው «ይኼ ያንተ ዘፈን አይደለም? ሌላ ሰው ሲዘፍነው ነው እንዴ?» አለኝ።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ አምባሰሎቹ ደረሱ። ከመንገዱ ጀምሮ እያለቀሱ ነው የመጡት። አልቃሻቸው ቀጠን ያለች፣ ረጅም፣ ድምፅዋ ሻካራ ሴት ናት። ድንኳኑ በር ላይ ቆማ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አወረደች፦

የሰው እጀ ጠባብ ሲሰፋ የኖረ፣
እሱ ባቡጀዲ ተጠቅልሎ ቀረ።

ድንኳኑ ተናጋ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። አባቴን በዓመት አንዴ እንኳ የማታየው ሴት ናት ይኼን ያለችው። ከዚያ ለቅሶው እየቀነሰ ሄደና ዝም አለ፤ የቤቱ ተራ ነው። ጋሽ አስረስ ወደ እኔ አዩ። የአክስቴ ልጅ ያህል የምትሆነኝ የጎረቤት ልጅ መቅዲ፣ ከተማ ውስጥ ፎቶ ቤት የምትሠራው፣ ገና ከመነሣቴ ስልኳን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ቀጥ አድርጋ ያዘች። ከኋላዬ ስታማ የነበረችው የባጃጇ ሴት ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣለች፣ በድምፅዋ ሳይሆን ዓይኗን በመስበሯ አወቅኋት።

ተነሣሁ። «እኔ ግጥም የለኝም» አልኩ። ድምፄ ያለ ማይክ ምን ያህል ቀጭን ነው! «ኖሮኝም አያውቅም። የታንኳው ዘፈን የኔ አይደለም። እታለም ለውበቱ ያለቀሰችው ነው። በስልኬ ቀዳሁት፣ ቀየርኩት፣ ስሜን ጻፍኩበት። በመስፍኔ ልጅ ለቅሶ ላይ ዘፈን ዘፈነች ያላችኋት የራሷን ለቅሶ ነው ያለቀሰችው። ነውሩ የኔ ነው። አባቴም ያውቅ ነበር፣ ዝም ብሎኝ ሞተ።» ከዚህ በላይ አልቻልኩም። አሁን ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ ብቻ ሳይሆን ፈለግኩ። ከኋላ አንድ ወጣት አጨበጨበ። ሁለት ጊዜ። ሰው ሲዞርበት እጁን ጭኖቹ መሀል ደበቀ። «እንዴት ያለ ቅን ልጅ ነው!» ሲባል ሰማሁ፣ «አባቱ ነው ያሳደገው።» አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ስድቤን አጥቼ ቆምኩ።

አክስቴ ተነሣች። «ቁጭ በል» አለችኝ። ከፊቷ ያለውን የንፍሮ ሰፌድ አንሥታ ንፍሮውን ለሀውራ ገለበጠችላትና ባዶውን ሰፌድ ወደ እኔ ዘረጋች። «ስልክህን አምጣ።» አስቀመጥኩ። ወደ መቅዲ ሄደች፤ መቅዲ ፈጥና አንድ ነገር ነካ ነካ አድርጋ አስቀመጠች። ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረች፣ የወጣቱን፣ የሽማግሌውን፣ የጋሽ አስረስን አሮጌ ስልክ ሳይቀር ለቀመች። ሰፌዱን ሀውራ ጭን ላይ አስቀመጠችና ቀና ብላ ለወንድሟ አለቀሰች።

ያለችውን አልጽፈውም። ጨዋ ሆኜ አይደለም፣ አልያዝኩትም። እየሰማሁ ልይዘው ሞከርኩ፣ አንዱን ስይዝ አንዱ ያመልጠኛል፣ ከዚያ መያዙን ትቼ አለቀስኩ። ስለ ጠመኔው ነበር፣ ስለ አንድ እጅጌው፣ ስለ እኔም ነበር። አምባሰሎቹ ተቀበሏት፣ መለሰች፣ እንደገና ተቀበሏት። የባጃጇ ሴት መሬት ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። ማንም ፈገግ አላለም። አንዲት ስንኝ ብቻ ቀርታኛለች፣ እሷንም ለማንም አልልም። አምባሰሎቹ ንፍሮውን ቀምሰው ሄዱ።

አመሻሽ ላይ የድንኳኑ ሰው ሲቀል አክስቴ ስልኬን አምጥታ ሰጠችኝና የአባቴ አልጋ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። ስልኩ ሲከፈት መንቀጥቀጡን አላቆም አለ። መቅዲ የቀረጸችውን ንግግሬን ስልኳን ሰፌዱ ላይ ሳታስቀምጥ ለቃዋለች፤ «የአርቲስት ሽታው ድንቅ ትሕትና» የሚል ርእስ ሰጥታ። ወደ ታች ወረድኩ። ትልቅ አርቲስት ማለት እንዲህ ነው ብሏል አንዱ። ትሕትናን ከዚህ ሰው ተማሩ። ሽታዬ እንወድሃለን። የሚቀጥለው ሥራህ መቼ ነው የሚለቀቀው? ከዘፈኑ ሥር ያለውን ስሜን አጥፍቼ የሷን ጻፍኩ፤ ወዲያው አንዱ ከሥሩ እጆቹን ያጋጠመ ሰው ሥዕል አስቀመጠልኝ።

«ሰዎቹ ናቸው?» አለች አክስቴ። ማንበብ አትችልም። «ምን ይላሉ?»

«ጎበዝ ነው ይላሉ።»

«አንተን?»

«እኔን።»

እጀ ጠባቡን ጭኗ ላይ አድርጋ እጅጌ የሌለበትን በኩል በጣቷ ትዳብሳለች። «ስለ ወንድሜስ?»

ወደ ታች ወረድኩ። አሁንም ወረድኩ። አራት መቶ ምናምን ሰው ጽፏል፤ አንድም ሰው የአባቴን ስም አላነሣም። የውበቱንም። ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ፣ ዓሣውን ይዞ ይስቃል።

«ነፍስ ይማር ይላሉ» አልኳት። «ልብስ የሰፋላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። አንዱ የዛሬ ሃያ ዓመት የሰፋልኝ ኮት አለ፣ አንድ ክር አልተተረተረም ይላል።»

«እውነቱን ነው። ስለ ውበቱስ?»

«ውበቱንም ስሙን እየጠሩ ነው። እናቱ ዳር ላይ ቆማ ታንኳውን የጠበቀችለት ልጅ ይላሉ። አንረሳውም ይላሉ።»

ያን ቀን ከራሴ አውጥቼ የፈጠርኩት ይኼንን ብቻ ነው። አክስቴ ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «እኔስ ረስተውታል ብዬ ነበር፣ እግዜር ይስጣቸው» አለች። ከዚያ ወደ ስልኩ ተጠጋችና እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች።

«እስቲ ድገምልኝ።»

ደገምኩላት።